በማኅተሙ ሥር

ኢንስፔክተር በድሪያ ከዚራ ሰፈር ወደሚገኘው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ስትገባ፣ ባለሱቁ ናሲር ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። በብረቱ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ የታች ክዳኑ የተነሣ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ተቀምጧል።

የድሬ ሰው ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ወደ ጥላ የሚገባበት ሰዓት በመሆኑ ያየም የሰማም አልተገኘም። ሬሳውን ያገኘችው ምሳ ይዛለት የመጣችው ሚስቱ ኑርሀን ናት። በር ላይ የተሰበሰበው ሰው ግን ፍርዱን ጨርሷል።

«ላፕቶፑ ነው የገደለው አቦ! ጋለ ጋለ እየተባለ ስንቴ መጣ። ኤሌክትሪኩ አንሥቶ ወረወረው!»

በድሪያ ተንበርክካ የሟቹን መዳፎች ገለበጠች። የተቃጠለ ነገር የለም። ተነሥታ ላፕቶፑን አየች። የባትሪው ገመድ ከቦታው በጥንቃቄ ተነቅሏል፤ ትንንሾቹ ብሎኖች በአንድ ክዳን ውስጥ ተሰብስበዋል። ሙቀቱን የሚያስወጣው የማራገቢያው አፍ ዙሪያውን አቧራ ለብሷል፤ መሃሉ ላይ ግን ቀጭን ንጹሕ መስመር አለ። በጣቷ ስትነካው ያጣብቃል። ከክዳኑ ላይ የሻጩ ኩባንያ ትንሽ የወረቀት ማኅተም ተቀዶ ተንጠልጥሏል፤ «ይህ ከተነሣ ጋራንቲው ይሰረዛል» ይላል።

ኑርሀንን ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«ላፕቶፑ የማን ነው?»

«የማን ይሆናል!» እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «የአያን ነዋ። የኮሌጅ አስተማሪዋ። በየሳምንቱ ጋለብኝ እያለች ትመጣለች። የሚግለው ላፕቶፑ ይሁን እሷ፣ አላህ ያውቃል።»

«ከናሲር ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ዛሬ ጠዋት። እሷ ስትደውል ሳቀ። ለእኔ እንደዚያ ከሳቀ ስንት ጊዜው!»

«ጋራንቲ ያለውን ዕቃ ለምን የከፈተው ይመስልሻል?»

«ለእሷ ሲል ምን የማያደርገው አለ?» አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

አያን ተጠርታ ስትመጣ ከደጃፉ አላለፈችም።

«ምን ብለሽው ነው ዛሬ ጠዋት የሳቀው?» አለቻት በድሪያ።

«ላሆህ ልጋግርበት እንዴ አልኩት። በቃ ይኼው ነው፣ ወላሂ።»

«መጋል የጀመረው መቼ ነው?»

«አዲስ ዕቃ ነው። ከዚህ ሱቅ በቀር የትም ወስጄው አላውቅም። መጀመሪያ እዚሁ የሚሠራው ዐብዲሻኩር ፕሮግራም ጫነልኝ፣ ከዚያ ወዲህ እንደ ፍም ሆነ። ናሲር ደግሞ አልከፍተውም አለ። ማኅተሙን ከነካሁት ጋራንቲሽ ይቀራል፤ አዲስ አበባ ያሉት ሻጮቹ ይለውጡልሽ፣ ካልሆነም እኔ እንድከፍተው ይፍቀዱልኝ ይላል። እስከዚያው ከውጭ አቧራውን እያራገፈ ይመልስልኝ ነበር።»

ከመንገዱ ማዶ ያለው የጥገና ሱቅ ባለቤት ኸባብ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ቀንቻለሁ፤ ምን እደብቅሻለሁ? ያ ላፕቶፑን የሸጠው ኩባንያ የምሥራቁን የጋራንቲ ጥገና ውክልና ለናሲር ሊሰጥ ነው ከተባለ ወዲህ፣ ደንበኛዬ ሁሉ መንገዱን ተሻግሮ ወደ እሱ ነው። ግን ቅናት ካሳሰረ ከዚራ በሙሉ ይታሰር።»

«ላፕቶፑን ለምን ከፈተው?»

«ናሲር? እሱ አልከፈተውም! ውክልና የሚጠብቅ ሰው የኩባንያውን ማኅተም ይቀዳል እንዴ? ሌላ ሰው ነው።»

የመጨረሻው ተጠያቂ የሱቁ ሁለተኛ ባለሙያ ዐብዲሻኩር ነበር። በዕድሜ ናሲርን ይበልጠዋል፤ ብሎን መፍታት ያስተማረውም እሱ ነው።

«ጠዋት ለሥራ ሳቢያን ሰፈር ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፣ አልተደዋወልንምም። ስመለስ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ።»

«ውክልናው ለእሱ መሆኑ አላስከፋህም?»

«ወንድሜ ነው። ለምን ይከፋኛል?» ከንፈሩ ፈገግ አለ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ግን በሌላው ጥፍር ይፍቅ ነበር።

«ታዲያ ማኅተሙን ለምን ቀደደው?»

«ከአዲስ አበባ ፈቅደውለት ነዋ። በስልክ ነገሩት። ናሲር ያለ ፈቃድ አይነካም። ምስኪን፣ ቻርጀሩን መንቀል ረስቶ ነው።»

በድሪያ አመስግናው ወጣች። በጥላው ሥር ቆማ ወደ አዲስ አበባው ኩባንያ ደወለች፤ ብዙ አዳመጠች፣ ጥቂት ጠየቀች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ላይ ድል ያገኘ ሰው ደስታ አልነበረም።

በማግስቱ የሐኪሙ ውጤት እንደደረሰ አራቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኑርሀን እና አያን ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ። ኸባብ ግድግዳውን ተደገፈ። ዐብዲሻኩር መሃል ላይ ቆመ።

«ናሲርን ኤሌክትሪክ አልያዘውም» ብላ ጀመረች በድሪያ። «ሐኪሙም አረጋግጧል። ተገፍትሮ ጭንቅላቱ ከዚህ ብረት ጋር ተጋጨ። ላፕቶፑም ይህንኑ ይመሰክራል። የከፈተው ሰው አስቀድሞ ባትሪውን ነቅሏል። ባትሪ ለመንቀል የተጠነቀቀ ባለሙያ ቻርጀር ሰክቶ አይሠራም። ስለዚህ ቻርጀሩ የተሰካው ናሲር ከወደቀ በኋላ ነው።»

«ከቻርጀሩ የሚወጣው ኃይል እኮ ሰው አይገድልም» አለ ኸባብ።

«አዎ። የሰካውም ሰው ይህን አያጣውም። እኛ እንደማናውቅ ተማመነ።»

ዐብዲሻኩር ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሁን ወደ ሙቀቱ እንምጣ። ይህ ላፕቶፕ የጋለው የፋብሪካ ጥፋት ኖሮበት አይደለም። ማራገቢያው አፍ ላይ ከውስጥ ቴፕ ተለጥፎበት ነበር። አየሩ መውጫ ሲያጣ ጋለ። ከውጭ አቧራ ቢያራግፉለት ምን ይጠቅመዋል? ቴፑን እኔ አላገኘሁትም፤ ሙጫውን ብቻ ነው ያገኘሁት። ናሲር ግን ከፍቶ አይቶት ለአዲስ አበባዎቹ መልሶ ደውሎ ነግሯቸዋል። ታዲያ ቴፑን ማን አነሣው? ኑርሀን ከላፕቶፑ ጋር ምንም ጉዳይ የላትም። ኸባብ ላፕቶፑን በእጁ ይዞት አያውቅም። ማንሣት የሚያስፈልገው የለጠፈው ሰው ብቻ ነው።»

«ማኅተሙ እኮ እስከ ትናንት ደህና ነበር!» አለች አያን።

«የወረቀት ማኅተም ሙቅ አየር ሲነፉበት ይለሰልሳል፤ ሳይቀደድ አንሥቶ መልሶ መለጠፍ ይቻላል። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ነው። አንቺ ደግሞ ከዚህ ሱቅ ሌላ የትም አልወሰድሽውም። ናሲር ራሱ እንዳንል፣ በየሳምንቱ አንቺ ፊት ያፈረው እሱ ነው።»

ወደ ዐብዲሻኩር ዞረች። «ሁላችሁንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኋችሁ፤ ለምን ከፈተው አልኩ። ሚስቱ ለአያን ብሎ ነው አለች። ኸባብ እሱ አልከፈተውም አለ። አንተ ብቻ እውነቱን ተናገርክ፤ በስልክ ፈቅደውለት ነው አልክ። ግን ኩባንያው እንደነገረኝ ፈቃዱን ያገኘው አንተ ሳቢያን ከሄድክ በኋላ፣ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው። አላየሁትም፣ አልተደዋወልንም አልከኝ። ማን ነገረህ?»

«ገመትኩ። ጠባዩን አውቃለሁ…»

«ግምት ‹በስልክ ነገሩት› አይልም።»

ዐብዲሻኩር በናሲር ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «አንድ ላፕቶፕ ማብረድ አቃተው ብለው ውክልናውን እንዲከለክሉት ነው የፈለግሁት። ያስተማርኩት ልጅ! ሰው ሁሉ ናሲር፣ ናሲር… እኔ አጠገቡ ቆሜ ማን ጠራኝ? ሥራዬን ጨርሼ ብቅ ስል ላፕቶፑ ተከፍቷል። ‹ፈቀዱልኝና ከፈትኩት፤ የሠራኸውን ተመልከት› አለኝ። አልጮኸም። ያ ዝግታው ነው ያሳበደኝ። ንግግሩን ሊቀጥል ሲል ገፋሁት።»

ቀና አለ። በዐይኑ ውስጥ አሁንም ያ ቅናት ነበር።

«ለአዲስ አበባዎቹ ስለ እኔ ምን አላቸው? ስሜን አጠፋ፣ አይደል?»

በድሪያ ወደ እሱ ቀረብ አለች።

«ማን እንደለጠፈው አልነገራቸውም። ‹ጥፋቱ የእናንተ ዕቃ አይደለም፤ በጋራንቲ አትጠየቁበትም› አላቸው። ቀጥሎም ‹ውክልናውን በእኔ ስም አታውጡት፤ በዐብዲሻኩር ስም ይሁን። ከእኔ በፊት ባለሙያው እሱ ነው። እኔ ዘንግቼው ነበር› አላቸው። ሲቀጥል ሊነግርህ የነበረው ይህንን ይመስለኛል።»

ዐብዲሻኩር ራሱን ነቀነቀ።

«ውሸት ነው» አለ። «ኢንስፔክተር፣ በአላህ ውሸት ነው በይኝ።»

ኑርሀን ከመቀመጫዋ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ተነሥ» አለችው። «ከወንበሩ ላይ ተነሥ።»