የፈርሂያ ምራቅ

ይሄን የምጽፈው ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው። ማመን ያቃተው ይተወው፤ ለእኔም እስካሁን አልተዋጠልኝም።

2007 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም፣ ከገበያው ጀርባ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ገና ግድግዳው ላይ ነበረች...

ጎረቤቴ ሀዲያ «ነይ ያዥልኝ» ብላ ጠራችኝ።

ልጇ ፈርሂያ ከሳውዲ ከተመለሰች ወዲህ አእምሮዋ ታውኳል። ከደሴ የታዘዘላት ክኒን አንገቷን ወደ ትከሻዋ አጣመመው። ሌላ ቢቀይሩላት ምላሷን አሰረው።

«የሚስማማት ካልተገኘ አስራታለሁ። ገመዱን ገዝቻለሁ» ትል ነበር ሀዲያ።

የፈርሂያ ወንድም ሙሐሲን ዱባይ፣ ሆስፒታል ውስጥ ፅዳት ይሠራል። ጫፉ ጥጥ የሆነ እንጨት በሰው ላከ። ጉንጯን ከውስጥ አሽታችሁ መልሱልኝ፣ በዘር የወረሰችውን አይተው የሚስማማትን መድኃኒት ይመርጡላታል አለ። አደራ፣ የሌላ ሰው ምራቅ እንዳይነካው።

እኔ ያዝኳት። ሀዲያ አሸችና እንጨቱን ወደ ራሷ አፍ አስጠጋች...

«ቢስሚላህ። እንትፍ፣ እንትፍ። አላህ አፊያ ያርግሽ።»

ጥጡ ላይ።

«ሀዲያ፣ ያንቺን መች ጠየቀሽ?»

«የእናት ምርቃት ምን ያበላሻል? አንቺ ዝም ብለሽ ያዣት።»

ፈርሂያ ከንፈሯን ጠረገች። ወደ ጥጉ ዞረች።

«ሴትዮዋን አስወጣት» አለች።

ጥጉ ላይ የተጠቀለለ ሰሌን ብቻ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእናቷ እጅ መብላት ተወች። ሳምንታት አለፉ...

አልከሳችም። እንዲያውም ጉንጯ ሞላ።

«ምን እየመገብሻት ነው?» ብላት፣ ሀዲያ «ዓይንሽን አንሺላት» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ጨው ሲያልቅባት መክፈቷ አይቀርም ብዬ ሄድኩ።

የከፈተችው ግን ሙሐሲን የደወለ ዕለት ነው። ብቻዋን መስማት ፈርታ።

«እማ... ምራቁ የማን ነው?»

«የእህትህ ነዋ።»

«ሌላስ?»

ሀዲያ በጎን አየችኝ። «እኔ... ትንሽ መርቄበታለሁ።»

«ያንቺንማ ለይተውታል። ሦስተኛ ሰው አለበት። ወንድ ነው።»



«አባቷ ነው ይላሉ፣ እማ።»

አባቷን አሕመድኑርን የቀበርነው ልጅቷ ሳውዲ ሳትሄድ ነው። በቅሎ መትታው ሁለት የፊት ጥርሱ የረገፈ ሰው ነበር። በዚያ አፉ ዳቦ እያላመጠ ፈርሂያን በሕፃንነቷ ሲያጎርሳት፣ «ድድ ለድድ ተገናኛችሁ» እያልኩ እስቅበት ነበር።

«መድኃኒቱስ?» አለች ሀዲያ በሹክሹክታ።

«አልመረጡም። ለየትኛቸው ነው ይላሉ።»

ሀዲያ ስልኩን ዘጋች። ገመዱን ከግድግዳው አወረደች። እያለቀሰች ወደ ጓዳ ገባች፤ ተከተልኳት።

ፈርሂያ ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ ታኝካለች።

አንገቷ ቀጥ ብሏል።

«ማን ሰጠሽ?» አለች እናቷ።

ፈርሂያ የተገመሰውን ዳቦ ዘረጋችልን። ሳቀች። ጥርሶቿ ሙሉ ናቸው...

ዳቦው እርጥብ ነው። ንክሻው መሃል ላይ ግን ሁለት ጥርስ የሚያህል ቦታ ሳይነካ ቀርቷል።

«እሷ ናት ልታስረኝ የመጣችው» አለች ፈርሂያ። ወደ ጥጉ ነው የምታየው።

የሀዲያ እጅ ተከፈተ። ገመዱን ለቀቀችው።

ገመዱ ግን መሬት አልወደቀም።