አስር ሰዓት ከሩብ

«እናትሽም መጥታለች፤ አሁንስ ትናገሪያለሽ?» አሉ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ አቶ ሙሉቀን፣ ቁልፎቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው።

ፍሬሕይወት ያላጠፋችውን ምን ብላ ታምናለች? እናቷ አማረች የእህል ንግዷን ጥላ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከእብናት ድረስ መጥታ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ልጅሽ የትምህርት ቤቱን ንብረት አበላሽታ ታገደች የሚል ስልክ ነው የደረሳት። ፍሬሕይወትን ከእገዳውም በላይ ያንገበገባት ይኸው ነው።

ዓርብ ጠዋት ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ተርሚናሉ፣ ማለትም ማሽኑን ለሚያሠራው ለሊኑክስ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት፣ አልከፈት አለ። ሲጫኑት ትንሽ ይሽከረከርና ይጠፋል። አቶ ሙሉቀን ፈልገው ፈልገው ማሽኑ የተነካካበትን ሰዓት አገኙ። ሐሙስ 10:15 ይላል። ሐሙስ አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ደግሞ ክፍሉን ልትጠርግ ብቻዋን የቀረችው ፍሬሕይወት ናት። በቃ፣ ተፈረደባት። የወንበር ጓደኛዋ ቃለአብም ሲጠየቅ፣ መጨረሻ የወጣችው እሷ ናት፣ ሌላ የነካ ሰው አላየሁም ብሎ መሰከረ። አሁንም ለምስክርነት ተጠርቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ዓይኗን ግን አያይም።

አንዴ ልየው ብላ ለመነች። ደግሞ ልታባብሺው ነው ብለው ካንገራገሩ በኋላ አናቷ ላይ ቆመው ፈቀዱላት።

ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ ሦስትን አንድ ላይ ስትጫን ስክሪኑ በሙሉ ጠቆረ። መስኮቱ ባይከፈትም በዚህ በኩል ትዕዛዝ መስጠት ይቻላል። የማሽኑን ቋንቋ ጠየቀችው፤ አማርኛ ነኝ አለ። አንድ ሰው ቋንቋውን ቀይሮታል፣ ነገር ግን ማሽኑ ላይ አማርኛውን አላዘጋጀም። ተርሚናሉ በየትኛው ፊደል እንደሚጽፍ ሳያውቅ አይከፈትም። የሚያስተካክለው አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው። እሷ ግን መጀመሪያ ሌላ ነገር ጻፈች፤ ማሽኑን አሁን ስንት ሰዓት ነው አለችው። 09:30 አላት። ደሟ ፈላ።

«አቶ ሙሉቀን፣ በእርስዎ ሰዓት ስንት ነው?»

የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። «ሦስት ተኩል።»

«ማሽኑ ዘጠኝ ተኩል ነው የሚለው። በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። የሐሙሱ 10:15 ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ ነው፤ የኛ ክፍል በሙሉ እዚህ የነበረ ጊዜ። ለዚህ ነው እናቴን ያስጠሩት?»

አቶ ሙሉቀን ስክሪኑን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልወጣቸውም። ሦስተኛው ላይ ማን ተቀምጦ እንደነበር መዝገቡን ላምጣ ብለው ወጡ።

ፍሬሕይወት መዝገብ አላስፈለጋትም። የእሷ ሰባተኛው ነው፤ ሦስተኛው የቃለአብ።

«ዘጠነኛ ክፍሎች እንግሊዝኛው ከበደን ሲሉ በአማርኛ ላደርግላቸው ብዬ ነው» አለ ቃለአብ ቀስ ብሎ። «ከዛ ፈራሁ።»

«እኔ ስታገድ ግን አልፈራህም። ሼም የለህም?» እናቷ በየሳምንቱ ከምትልከው ስንቅ ቆሎውን እኩል ሲካፈላት ነው ዓመቱን የከረመው። ይህን ስታስብ ልትመታው ሁሉ ቃጣት።

«መዝገቡ ሳይመጣ አስተካክይውና ይለፍ። በናትሽ፣ ፍሬ።»

በናትሽ አላት፤ እናቷን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ።

ትዕዛዙን እስከ መጨረሻው ፊደል ጻፈችና እጇን አነሳች።

«ኢንተር ብቻ ነው የቀረው። እሱን አንተ ትጫነዋለህ። መጀመሪያ ግን ውጣና ለእናቴ ንገራት። ለአቶ ሙሉቀን እኔ ስምህን አልጠራም፤ አንተ ትናገራለህ።»

ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። አማረች ቀና ስትል ቃለአብን አየችው፤ ፊቷ ፈካ አለና ፌስታሏን ወደ ጭኗ ስባ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት። ፌስታሉ ውስጥ ሁለት ቋጠሮ ቆሎ ይታያል።

ቃለአብ ካለበት አልተነቃነቀም። ፍሬሕይወትም የበሩን እጀታ አልለቀቀችም።