ተከፍቶ ያደረው ካሜራ

መምህር አራጌ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ከመካነ ሰላም በላይ ካለው ገደል ሥር ተሰባብሮ ተገኘ። መርማሪው መቶ አለቃ አምባቸው ከደሴ ሲደርስ የእርዳታ እህል መጋዘን ዘበኛው ቢተው የፊጥኝ ታስሯል።

«ገዳዩ እሱ ነው» አለ የመጋዘኑ ኃላፊ ላቀው። «ሌሊት ፋኖስ ይዞ የሚዞር ሌላ ማን አለ? እኔ እንደሁ ከቤቴ አልወጣሁም።»

«ፋኖሱን ማታ ማታ እሳቸው ናቸው የሚወስዱት ጌታዬ» አለ ቢተው። «እኔ በጨለማ ነው የማድረው።»

ፎቶ አንሺው ጀብሪል ገደሉ አፋፍ ላይ የተገኘው ካሜራ የራሱ መሆኑን አልደበቀም። «መምህር ማታ አፋፉ ላይ ወደ ከተማው አዙሮ ይከፍተዋል፤ እኔ ጎህ ሳይቀድ እዘጋዋለሁ። ወላሂ፣ ዘግቼ መምህርን ስጣራ ነጋ፤ ያኔ ነው ገደል ሥር ያየሁት።»

«ሌሊቱን ሙሉ ክፍት?»

«አዎ። ኮከቦቹ ሲዞሩ ፊልሙ ላይ መስመር ያሰምራሉ።»

«እጠበው።»

አምባቸው በላቀው ደጅ ሲያልፍ ወርቂቱ የምትባል ከሲታ እናት ሰፌድ ይዛ የበቅሎ ፋንድያ ትበትናለች።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ስንዴ እለቅማለሁ ጌታዬ። በቅሎዋ ሁሉንም አትፈጭም።»

አንገቱን ወደ ጋጣው አሰገገ። በጋጣው ውስጥ የበቅሎዋ ጀርባ በስብ ያብለጨልጫል፤ ያስጠላል።

በማግስቱ ሁሉንም መጋዘኑ ደጅ ሰበሰበና ፎቶውን ዘረጋ።

«አቶ ላቀው፣ እነዚህ ቀጫጭኖቹ ኮከቦች ናቸው። ከታች ያለው ወፍራም መስመር ፋኖስ ነው። ከእርስዎ ደጅ ይነሳል፣ ወደ ገደሉ ይወጣል፣ ይመለሳል። ከዚያ ከመጋዘኑ ወደ በቅሎዎ ጋጣ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። በመምህሩ ደብተር ውስጥ ያገኘሁት ያለፈው ሳምንት ፎቶም የጋጣው መስመር አለበት። ሊያጋልጥዎ ነበር፤ ገፈተሩት።»

«ውሸት! ሰውየው ሞቶ ማን አነሳኝ?»

 ላቀው ከአፉ ያመለጠውን የተረዳው ዘግይቶ ነው።

«ካሜራው» አለ አምባቸው በጥላቻ እያየው። «አንሺው ከሞተ የሚያየኝ የለም ብለው፣ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ለበቅሎ የድሃ እህል ሲያጓጉዙ አደሩ።»

ገመዱ ከቢተው ክንድ ተፈቶ ወደ ላቀው ዞረ።

«የለቀምሽውን ጣይው እናቴ» አላት አምባቸው ወርቂቱን። «ስንዴ ይሰጥሻል።»

ሰፌዷን ደረቷ ላይ ለጠፈች። «መቼ ጌታዬ?»

ደንቡ ምርመራው እስኪያልቅ መጋዘኑ ይታሸግ ይላል፤ ማሸጊያው ሰም ኪሱ ውስጥ ነበር። አምባቸው ከላቀው የወሰደውን ቁልፍ ለቢተው ወረወረለት።

«ክፈት!»

በሩ ወለል ብሎ ሲከፈትም ወርቂቱ ሰፌዷን አልለቀቀችም።