ጃንጥላ በሩፋኤል ዕለት

ሬሳው አጠገብ የወደቀው ቀይ ጃንጥላ የዙለይካ ነበር። ይህን ከእሷ ሌላ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ከጃንጥላው አጠገብ በደረታቸው ተደፍተዋል።

አቶ አረጋዊ የኮሌጁ የፈተና ክፍል ኃላፊ ነበሩ። አዲስ የሚገባ ተማሪ ሁሉ በእሳቸው ፊት የእንግሊዝኛና የሒሳብ ምደባ ፈተና ይወስዳል። ያለፈ ከጀማሪዎች ኮርስ ነፃ ይሆናል፤ የወደቀ አንድ ሴሚስተር ሪሚዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት ይማራል። ተማሪ ሲወድቅ ከተማሪው እናት ቀጥሎ የሚያዝኑት እሳቸው ናቸው ይባል ነበር። አሁን ከሁለተኛው ፎቅ ወደ ጓሮ በሚወርደው የብረት ደረጃ ሥር ወድቀዋል፤ ዝናቡም ደማቸውን እያጠበ ወደ ቦዩ ይወስደዋል።

ቀኑ ጳጉሜን 3 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው፤ ሩፋኤል። የእንግሊዝኛው ፈተና አልቆ የሒሳቡ ሳይጀመር ጠዋት ጥሎ ያባራው ዝናብ እንደገና ወረደ። በሩፋኤል ሲዘንብ ካዛንቺስ ውስጥ ጣሪያ ሥር የሚቀመጥ ሰው ጥቂት ነው። የሰፈሩ ሕፃናት ራቁታቸውን «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ ሲዘሉ፣ የኮሌጁ ተማሪዎችና ሠራተኞችም ጫማቸውን አውልቀው በዋናው በር ወጡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠው ጠበሉን ተቀበሉ። የፈተና ክፍል ረዳት የሆነችው ዙለይካ ብቻ የተሰበሰበውን ወረቀት ልትጠብቅ አዳራሹ ውስጥ ቀረች። በጓሮ በኩል ብረቱ ሲንጓጓ ሰማች። በመስኮት ብቅ ስትል መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን ሳይሆን ጃንጥላዋን ነው።

ጮኸች። ሰው ሲሰበሰብ ግን ስለ ጃንጥላው ምንም አልተናገረችም፤ ፍርሃት ምላሷን ያዘው።

ኢንስፔክተር ጀማነሽ ከጣቢያው በእግሯ ነበር የመጣችው። አጭር፣ ወፍራም፣ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ለሚያያት ሰው ጎረቤት ልትጠይቅ የወጣች ትመስላለች። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች።

«ምን ይታይሃል ምንዳዬ?» አለችው አብሯት የመጣውን ሳጅን።

«አዳልጧቸው ነው። ደረጃው ሳሙና ሆኗል።»

«የኮታቸው እጅጌ ከብብቱ ተቀዷል። ማዳለጥ እጅጌ ይቀድዳል?»

ሳጅን ምንዳዬ ጎንበስ ብሎ እጅጌውን አየ።

«ሰው ይዟቸው ነበር። በሩን አስዘጋ፤ ማንም እንዳይወጣ።»

በሩ ሲዘጋ ወሬው ፎቁን አዳረሰው። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ደመናው ኮሪደሩን አጨልሞታል። ወላጅ እቤት የሚጠብቃቸው ልጆች አዳራሹ ውስጥ እርስ በርስ እየተያዩ ተፋፍገው ተቀመጡ። ገዳዩ እዚሁ ነው፤ ከእኛ ጋር ጠበሉን ሲቀበል ነበር እያሉ ይንሾካሾኩ ጀመር። ዙለይካ ግን የምትፈራው ገዳዩን አልነበረም። ጃንጥላው የእሷ መሆኑ መታወቁ አይቀርም፤ ከዚያ ማን ያምናታል?

ጀማነሽ ወደ ዲኑ ቢሮ ስትገባ ሬጅስትራሯ ወይዘሮ መድኃኒትና ዙለይካ «ኖር!» ብለው ተነሡ።

«በእግዜር፤ ተቀመጡ።»

ዲኑ አቶ ሃይላይ አልተነሡም። ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ አንገታቸውን ብቻ ሰበር አደረጉ። በሸሚዝና በከረባት ነበሩ፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ጀማነሽ መጋረጃውን ልትገልጥ ከኋላቸው አለፈች፤ መንገዷን ትንሽ አረዘመችው።

«ዝናቡ ሲወርድ የት ነበሩ?»

«እንደ ሰው ሁሉ ዋናው በር ላይ ነበርኩ እንጂ! ሩፋኤል አምልጦኝ አያውቅም።»

«አቶ አረጋዊስ?»

«እሳቸውማ ከሁላችንም የባሱ ናቸው። በየዓመቱ ጫማ አውልቀው፣ ኮት ጥለው ነው የሚወጡት። ዛሬ በጓሮ በኩል ሊቀበሉት ሲወርዱ ይሆናል የወደቁት።» ቀጥለውም «ግን ያ ጃንጥላ አልገባኝም። የኛ ሰው በሩፋኤል ጃንጥላ አይዘረጋም። አብሯቸው ሌላ ሰው ካልነበረ…» አሉ።

ይህን ሲሉ ዓይናቸው የዙለይካ ሂጃብ ላይ አረፈ። የሳጅኑም ዓይን ተከተለ።

ጀማነሽ ሴቶቹን ኮሪደር ላይ ለየብቻ አነጋገረቻቸው። ወይዘሮ መድኃኒት ከነጠላቸው እስከ ቀሚሳቸው ጫፍ ርሰው ውኃ ያንጠባጥባሉ።

«ጠዋት ተጣልተን ነበር፤ አልዋሽም» አሉ ሳይጠየቁ። «ልጄ ፍዮሪ ዛሬ ተፈታኝ ናት። ትንሽ ፍንጭ ይስጧት ብዬ ለመንኳቸው፤ ከቢሮ አስወጡኝ። በቃ! አንጀቴ አሯል፤ እጄን ግን አላነሳሁም። ሩፋኤል ይፍረድ።»

«የሳቸውን ቢሮ ያሳዩኝ።»

የአቶ አረጋዊ ቁም ሣጥን ተከፍቶ ነበር። ከመደርደሪያዎቹ አንዱ ባዶ ነው።

«እዚህ ምን ነበር?»

«ያለፉት ዓመታት የሒሳብ መልስ ወረቀቶች። ማንም አይፈልጋቸውም፤ እሳቸው ግን መጣል አይወዱም።»

ቀጥሎ ዙለይካ መጣች። ከንፈሯ ደርቋል። ሳጅኑ ውኃ ሲሰጣት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ጾመኛ ነኝ» አለች። ረመዳን ሊፈታ ነው።

«እዚህ ሥራ ከጀመርሽ ቆየሽ?»

«መጀመሪያ ተማሪ ሆኜ ነው የመጣሁት። አካውንቲንግ ነበር የፈለግኩት። የሒሳቡን ምደባ ስወድቅ ለተጨማሪ ሴሚስተር አቅም አልነበረንም፤ ጽሕፈት ተማርኩ።»

«ሒሳብ ይከብድሽ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! ማለቴ… ሃይ ስኩል ጎበዝ ነበርኩ። ግን ያን ቀን በግራ መስመር የተቀመጥን በሙሉ ወደቅን። ወንበሮቹ ተረግመዋል እያልን እንስቅ ነበር።»

«ለግራና ለቀኝ መስመር የሚሰጠው ጥያቄ አንድ ነው?»

«አይደለም፤ እንዳንኮራረጅ ለቀኙ ‹ሀ›፣ ለግራው ‹ለ› ነው የሚታደለው።»

«የሩፋኤልን ነገር ታውቂያለሽ?»

ዙለይካ ፈርታም ቢሆን ፈገግ አለች። «ካዛንቺስ ተወልጄ? ከጎረቤት ልጆች ጋር እየዘለልኩበት ነው ያደግኩት። እማዬ እየሮጠች ልብስ ታለብሰኝ ነበር።»

«ጃንጥላ አለሽ?»

ፈገግታዋ ጠፋ። «የለኝም።»

«እሺ» አለች ጀማነሽ። ዙለይካን ከጥፊ ይልቅ ያስደነገጣት ይህቺው ቃል ናት።

ልጅቷ ስትሄድ ሳጅን ምንዳዬ ወደ አለቃው ጆሮ ተጠጋ። «እሷ ናት። ጃንጥላው የእሷ ነው።»

«መሆኑንማ አውቃለሁ። ጠዋት ዶፍ ነበር፤ ጃንጥላ የሌለው ሰው እንዲህ ደርቆ አይውልም።»

«ታዲያ እንያዛት!»

«የዋሸውን ሁሉ የምንይዝ ከሆነ ጣቢያው አይበቃንም።»

ከዚያ ብቻዋን የብረቱን ደረጃ ወረደች። ደረጃው ጓሮውን አሻግሮ ወደ አንድ በር ብቻ ያደርሳል፤ እሱም የኮሌጁ ባለቤት ቢሮ ነው። በሩን አየችው፤ ቀና ብላም ዝናቡን በፊቷ ተቀበለች። ስትመለስ ሁሉንም ዲኑ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

ክፍሉ ድንግዝግዝ ብሏል። ቀዩን ጃንጥላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የማን ነው?»

ሳጅኑ በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ካቴናው ወገቡ ላይ ነው። ዙለይካ እናቷን አሰበች፤ ማታ ለማፍጠሪያ ሾርባ ሠርታ፣ ቁጭ ብላ ስትጠብቃት። ዝም ብትል ታመልጥ ይሆናል። ዝም ብትል ግን አቶ አረጋዊ የመጨረሻ ቃላቸውን ለማን እንደተናገሩ ማንም አያውቅም። ተነሣች።

«የኔ ነው።»

«ይኸው!» አሉ አቶ ሃይላይ።

«ዝናቡ ሲጀምር መጥተው ‹ጃንጥላሽን አውሺኝ› አሉኝ። ዛሬ ሩፋኤል አይደለም እንዴ ብዬ ስቄባቸው ነበር። እሳቸው አልሳቁም። ‹ስመለስ ይቅርታ የምጠይቅሽ ነገር አለ› ብለውኝ ሄዱ። ወላሂ፣ ሌላ አላውቅም።» እያለቀሰች ነበር።

«ተቀመጪ» አለቻት ጀማነሽ። «እኔ አምኜሻለሁ። ሳጅን፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ከዝናብ የሚያድነው ምኑን ነው?»

«ራሱን ነዋ።»

«አቶ አረጋዊ ግን ዛሬ መርጠብ የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ጃንጥላው ለሌላ ነገር ነው፤ መርጠብ ለሌለበት ነገር። ቁም ሣጥናቸው ውስጥ የጎደለው ወረቀት ነው። ያንን ይዘው፣ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ በጓሮ በኩል ወደ ባለቤቱ ቢሮ ሲሄዱ ደረጃው ላይ የያዛቸው ሰው አለ። ሬሳው አጠገብ ጃንጥላ እንጂ ወረቀት የለም። ማን ወሰደው?»

ወይዘሮ መድኃኒት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ሩፋኤልን የሚቀበል ሰው ያንጋጥጣል። ቀድሞ የሚርሰው ፊቱና ደረቱ ነው፤ ወይዘሮ መድኃኒትን እዩ። አቶ ሃይላይ፣ የእርስዎ ጀርባ ርሶ ገላዎ ላይ ተጣብቋል፤ ከረባትዎ ግን ደረቅ ነው። ጠበልን ጎንበስ ብሎ፣ በጀርባው የሚቀበል ሰው እኔ አላየሁም። እርስዎ አንድ ነገር ደረትዎ ላይ አቅፈው ሮጠዋል። በዚህ ግቢ ሁለት ሰዎች ከዝናቡ የጋረዱት ነገር ነበራቸው፤ ነገሩም አንድ ነው። አቶ አረጋዊ በጃንጥላ ጋረዱት፤ እርስዎ በሆድዎ።»

«ይሄ… ይሄ መላ ምት ነው!»

«ይሁን። ብርድ እያንቀጠቀጠዎት ነው፤ ደረቅ ኮትዎ በሩ ኋላ ተሰቅሏል። ተነሥተው አልለበሱትም። እንግዳ ሲገባ ሴቶቹ ኖር ብለው ሲነሡ እርስዎ ቁጭ አሉ። በደህና ቤት ያደጉ ሰው እንደሆኑ ያስታውቃሉ፤ ያለ ምክንያት እንዲህ ያለ ነውር አይሠሩም። እስቲ አሁን ይነሡልኝ።»

አቶ ሃይላይ አልተነሡም። ሳጅን ምንዳዬ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ተነሡ። ሳጅኑ የወንበሩን ትራስ አነሣ፤ ከሥሩ ትልቅ ካኪ ፖስታ ተጋድሟል። ከዚህ በኋላ ይህን ሰውዬ አንቱ ማለት ይከብዳል።

«በግራ የተቀመጡት በሙሉ የወደቁበትን የ‹ለ›ን መልስ ያዘጋጀው ማን ነው?» አለች ጀማነሽ።

«እኔ ነኝ» አለ ሃይላይ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። «ያኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። መልሱ ተሳስቶ ነበር። በየዓመቱ በዚያው ይታረማል… ቆይቼ አወቅሁት። ምን ብዬ ልናገር? ዲን ሆኛለሁ! አረጋዊ ትናንት ደረሰበት። ሁሉንም ወረቀት እንደገና አረመ። ለመንኩት። ‹ለልጆቹ እንንገራቸው› ይላል እንጂ አይሰማም። ፖስታውን ልቀማው ነበር፤ በእጅጌው ስይዘው መነጨቀኝ… ከዚያ ፖስታው እኔ እጅ ቀረ።»

«ከዚያም ሞቱን በዚህች ልጅ ልታላክክ ፈለግህ» አለች ጀማነሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ።

ሳጅኑ ሃይላይን ይዞት ወጣ። በዙለይካ አጠገብ ሲያልፍ ዓይኑን ቀና አላደረገም፤ ሳጅኑ ግን ቆም ብሎ «ይቅርታ እህቴ» አላት።

ጀማነሽ ፖስታውን ከፈተች። ወረቀቶቹን እየገለጠች ሄደችና አንዱ ላይ ቆመች። የድሮው ምልክት በቀይ ተሠርዟል፤ በላዩ በአቶ አረጋዊ ደቃቅ ጽሑፍ «አልፋለች፤ ከኮርሱ ነፃ» የሚል አለ። ወደ ዙለይካ አዞረችው።

«ይሄስ የማን ነው?»

ዙለይካ ስሟን አነበበች። ጽሕፈት ቤት እየተቀመጠች፣ የሌላውን የሒሳብ መዝገብ በታይፕ እየገለበጠች ያሳለፈቻቸው ዓመታት ሁሉ በዓይኗ መጡ፤ እኔ ደደብ ነኝ ብላ ያመነችባቸው ዓመታት።

«የኔ ነው» አለች።

ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳለፈች። አንድም ፊደል አልፈሰሰም።

«አልረጠበም» አለች እንባዋ እየወረደ። «በኔ ጃንጥላ እኮ ነው ያመጡልኝ።»