ዝም ያለችው መኪና

አቶ አባይነህ የሞቱት መጋቢት ፲፯ ቀን ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከጊዮርጊስ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። መኪናቸው የድልድዩን ግንብ ገጭታ ቆመች። መሪው ደረታቸውን መትቷቸው ስለነበር ሰው ደርሶ በሩን ሲከፍት ትንፋሽ አልነበራቸውም። ባርኔጣቸው ግን ከራሳቸው አልወደቀም። በዚያ ዘመን የአራዳ ሰው ሬሳ ማየት ሰልችቶት ነበርና ከበው የቆሙት ብዙም ሳይቆዩ ወደየሥራቸው ሄዱ።

መርማሪው መቶ አለቃ አርአያ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ለተራ አደጋ የትራፊክ ፖሊስ ይበቃ ነበር፤ እሱን ያስጠራው የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ መሪ ዘገዬ ነው። ዘገዬ ደግሞ ምርመራውን ብቻውን ጀምሮ ብቻውን ጨርሶታል።

«አሻጥር ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ። «የፍሬን ሸራውን የሸጠለት አብዱልሃሚድ የሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ ነው። የማይረባ ዕቃ ሸጦ ሰው ገደለ። ይዘነዋል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሌላ ነገር ካልተገኘ ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እናስረክበዋለን።»

ወደ ከፍተኛው የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቃሉ። አርአያ ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

መኪናዋ ከጊዮርጊስ ጀርባ ወዳለው የሟቹ ግቢ ተጎትታ ገብታለች። ፊቷ የተጨራመተ የጣሊያን ሥሪት አሮጊት ናት። አርአያ ከመሪው አጠገብ አንዲት ትንሽ ደብተር አገኘ። አቶ አባይነህ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ፤ የመኪናቸውንም ሕመም እንደ አራሚ በጥንቃቄ ጽፈውታል።

«መጋቢት ፫። ፍሬን ስይዝ ትጮኻለች። በእጅ ፍሬን ብቻ ሳቆማት ግን አትጮኽም። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው፤ ስለዚህ ጩኸቱ ከፊት ነው።

መጋቢት ፱። የፊቱን ሸራ ለወጥኩ። አሁንም ትጮኻለች።

መጋቢት ፲፫። የሸራውን ጠርዝ ሞረድኩ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ቅዳሜ ፲፭። የፊቶቹን ሸራዎች አውጥቼ በቤንዚን አጠብኩ። ፀሐይ ላይ አሰጥቼ ስብሰባ ሄድኩ።»

ቀጥሎ አንድ ገጽ ነበር። አርአያ አነበበውና ደብተሩን ኪሱ ከተተው።

በመጀመሪያ ያናገረው አብዱልሃሚድን ነው። እጁን የፊጥኝ አስረው እዚያው ግቢ ግድግዳ ሥር አስቀምጠውታል።

«ወላሂ፣ መቶ አለቃ፣ ከዚያው ካርቶን ለሁለት ታክሲዎች ሸጫለሁ» አለ። «ዛሬም ያንኑ ቁልቁለት ሲወርዱ ነው የዋሉት። ጋሽ አባይነህ እንዲህ በቀላሉ የሚገዛ ሰው መሰለዎት? ሦስት ቀን ተመላልሶ ሸራውን በጥፍሩ እየፋቀ ነው የገዛኝ። ልጆቼ ያለሁበትን አያውቁም፤ እባክዎ እሱን እንኳ ይንገሩልኝ።»

«ራስህ ትነግራቸው ይሆናል» አለ አርአያ። እርግጠኛ ሆኖ ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ከግቢው ፊት ለፊት ጋራዥ ያለው መካኒኩ መርሻ ነው። አፉ አያርፍም።

«እኔንም ጠርጥረውኛል?»

«ሁሉንም።»

«ጥሩ፤ ብቻዬን ከሆንኩ ይከፋኝ ነበር። ጋሼ ገንዘቡን ለእኛ ላለማስበላት ራሱ ሐኪሟ ሆነ። ያቺ መኪና አራት ኪሎ ፍሬን ስትይዝ እኛ እዚህ በር እንከፍት ነበር እኮ!»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

መርሻ ሊመልስ አፉን ከፈተና ሳቁ ጠፋ። «ዛሬ… አልሰማኋትም። መታጠፊያው ላይ ለሰው ቆሞ አሳልፏል፤ አይቼዋለሁ። ቀስ ብሎ ይነዳ ስለነበር ቆመችለት። ግን ጭጭ አለች።»

መርሻ ክሪክ አምጥቶ የመኪናዋን ፊት አነሳ። አርአያ መጀመሪያ የፍሬን ዘይት ማስቀመጫውን አየ፤ ሙሉ ነው። ጎማው ወጥቶ ታምቡሩ፣ ሸራዎቹን የሚሸፍነው ክብ ብረት፣ ሲወልቅ ሸራዎቹ አዲስና ደህና ሆነው ተገኙ። አርአያ በጣቱ ነካቸው። ያሟልጫሉ። ጣቱን አሸተተ፣ መሐረቡ ላይ ጠረገው፤ መሐረቡ አልጠቆረም። ከዚያ ከሸራው ጠርዝ ላይ እንደ ቅንድብ ያጠረች ሰማያዊ ክር በጥፍሩ አንስቶ በወረቀት ጠቀለላት። የሌላው ጎማ ሸራም ያሟልጫል።

ወይዘሮ ደብሪቱ፣ የሟቹ ሚስት፣ ቤት ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሐዘን ልብሳቸውን በስፌት መኪና ይዘመዝማሉ። ለቀስተኛ ሴቶች ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ፍቅሬ በቀይ ሽብር የተገደለ ጊዜ ማልቀስ ተከልክለው ነበር፤ ዛሬ የሚከለክላቸው የለም፣ እንባው ግን አልመጣም።

«ይቅርታ፣ በሐዘንዎ መሐል ገባሁ።»

«ይጠይቁ።»

«መኪናዎ ድምፅ የለውም» አለ አርአያ፣ የስፌት መኪናውን እያየ።

«መኪና ሲጮኽ ዘይት ጠማኝ ማለቱ ነው። ጠብ ካደረጉለት ዝም ይላል።»

«ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ አልሄዱም?»

«ለሴቶች ማኅበር የተማሪ ልብስ ስለምሰፋ እንድቀር ተፈቅዶልኛል።» ወንበሩ ላይ የተቆለለውን ሰማያዊ ጨርቅ በአገጫቸው አመለከቱ።

አርአያ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። «የባለቤትዎ መኪና ጩኸት ያስቸግርዎት ነበር?»

እጃቸው መኪናው ላይ ቆመ። «በሰባ ታኅሣሥ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አንዲት መኪና ልክ እንደዚያ ጮኻ በራችን ላይ ቆመች። ፍቅሬን በሷ ወሰዱት። ከዚህ ወር ወዲህ አባይነህ ከሥራ ሲመጣ በየቀኑ እነሱ የመጡ እየመሰለኝ ዕቃ ከእጄ ይወድቃል። ምንም አላልኩትም። ግን ያውቃል፤ ለዚህ ነው ሲፈታት ሲገጥማት የሰነበተው።»

አርአያ አመስግኖ ወጣ። ሊያገኝ የመጣውን አግኝቷል፤ ባያገኘው ይወድ ነበር። ግቢው ውስጥ ጥቂት ተንጎራደደ። ዝም ካለ ይቺ ሴት ሳታውቅ ትኖራለች፤ አብዱልሃሚድ ግን አይኖርም። አሥር ተኩል ሲል ሁሉንም መኪናዋ ዘንድ ሰበሰበ።

«ጓድ ዘገዬ፣ የቅዳሜውን የስብሰባ መዝገብ ያንብቡልን።»

ዘገዬ ደስ እያለው አነበበ። አባይነህ፣ አብዱልሃሚድ፣ መርሻ፤ ሦስቱም ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ተገኝተዋል።

«በመሐል የወጣ አለ?»

«በሩ ላይ እኔ ነበርኩ። ዝንብ አልወጣችም!»

«እንግዲያው ምስክራቸው እርስዎ ነዎት» አለ አርአያ። «ሸራው ደህና ነው፤ አልተሰበረም፣ አላለቀም። የሸራ ሥራ ብረቱን አንቆ መያዝ ነው። ይሄ ግን ዘይት ጠጥቷል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ይንሸራተታል፣ አይጮኽምም። ዝግ ብለው ሲነዱ ይይዛል፤ ቁልቁለት ላይ አይይዝም፤ የኋላው ፍሬን ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ዘይቱ ከየት መጣ? የፍሬን ዘይት ቢሆን ማስቀመጫው ይጎድል ነበር። የሞተር ዘይት ቢሆን መሐረቤ ይጠቁር ነበር። ይሄ እንደ ውኃ የጠራ ነው።»

«ታዲያ ሲገጥመው አያየውም?» አለ መርሻ።

«በቤንዚን አጥበው ነው የሄዱት። ሲመለሱ እርጥብ ሆኖ ቢያገኙት ቤንዚኑ ያልደረቀ መሰላቸው። ሸራዎቹ ፀሐይ ላይ የዋሉት በስብሰባው ሰዓት ነው። ያኔ እናንተ ተቆልፎባችሁ ነበር። እዚህ የነበረ ሰው ደግሞ ሰማያዊ ክር ጥሏል።» ወረቀቱን ፈታው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ክሯን አዩ። ምንም ሳይሉ ቤት ገቡና ጠባብ አፍ ያላት ትንሽ ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። አልደበቋትም፤ እንደ ማንኛውም ዕቃ ለመቶ አለቃው ሰጡት።

«የመኪና ዘይት ይላል» አሉ። «አዩት? ላዩ ላይ የመኪና ዘይት ይላል።»

አርአያ ቆርቆሮዋን አዙሮ ጽሑፉን አነበበ።

«እንግዲያው አሻጥረኛዋ እሷ ናት!» አለ ዘገዬ።

አርአያ ብዕሩን አወጣ። «እጽፋለሁ። ለምን እንደቀቡትም መጻፍ ግዴታዬ ነው። በሰባ ታኅሣሥ ጎህ ሲቀድ እየጮኸች በራቸው ላይ የቆመችው መኪና የማን እንደነበረች፣ ወርዶ በር ያንኳኳው ማን እንደነበረ፣ በማን ትእዛዝ እንደነበረ። ከእርስዎ ልጀምር?»

ያን ሰሞን የትናንት አሳሪ ዛሬ ይታሰር ጀምሮ ነበር። ዘገዬ መዝገቡን ብብቱ ሥር አደረገና «አደጋ ነው ብለው ይጻፉ» አለ። ከዚያ ራሱ ሄዶ የአብዱልሃሚድን ገመድ ፈታ።

አብዱልሃሚድ የተላጠ ክንዱን እያሻሸ ወይዘሮ ደብሪቱ ፊት ቆመ። «እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎት» ሲል እንባው መጣ። እሳቸው አልሰሙትም።

«ደብተሩ ላይ ስለ መኪናዋ ዝምታ የጻፈው አለ?» ብለው አርአያን ጠየቁት።

አርአያ ሊዋሽ አሰበ። ፊታቸውን ሲያይ ግን ደብተሩን አውጥቶ የመጨረሻዋን ገጽ አነበበላቸው።

«እሑድ ፲፮። ዝም አለች። ምን እንዳዳናት አላወቅሁም፤ መፍታትና ማየት ነበረብኝ። ግን ደብሪቱ በሩን ልትከፍትልኝ እየሳቀች ወጣች። ከፍቅሬ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። አልፈታኋትም።»

ወይዘሮ ደብሪቱ እጃቸውን ዘርግተው ቆርቆሮዋን ከአርአያ መልሰው ተቀበሉ። ክዳኗን አጥብቀው ይዘጉ ጀመር። ዘገዬ የመጣባት መኪና ከግቢው ወጥታ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ስትይዝ ሲጥ ብላ ጮኸች። መርሻና አብዱልሃሚድ ደንግጠው ዘወር አሉ። እሳቸው ክዳኑን እየዘጉ ነበር፤ ቀናም አላሉ።