ረዳት ፈርዶሳ

መጀመሪያ የሰማችው ጩኸቱን ነው፤ ቀጭን፣ ጥርስ የሚያሳክክ የብረት ሲቃ። ፈርዶሳ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ላይ ቆም አለች። በኮምፒውተር የሚታዘዘው የብረት መቁረጫ ማሽናቸው እንዲህ የሚጮኸው ሲያጣድፉት ብቻ ነው። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ወርክሾፑ ሮጠች።

አብሯት የሚማረው ሳሚ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። መቁረጫው አሉሚኒየሙን መቁረጡን ትቶ ይፍቀዋል፤ ፍርፋሪው እየቀለጠ የመቁረጫው ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ማቆሚያውን ተጫነችው።

«ያለን የመጨረሻ መቁረጫ እኮ ነው። ላምባ እንኳ አልቀባኸውም?»

«ቲቸር ቶሎ በል ስላሉኝ ነው።»

በብሩሽ ላምባ አስነካችው። ፍጥነቱን በግማሽ ቀነሰች፤ ጥልቀቱንም እንዲሁ። እንደገና ሲነሳ ድምፁ ወደ ለመደችው ጉርምርምታ ወረደ።

ማሽኑን ከባዶ የሠሩት ሁለቱ ናቸው፣ በሰባት ወር። ሞተሮቹን ሳሚ ጎባ ካለው የአጎቱ ፎቶኮፒ ቤት ከተበላሹ ማሽኖች ፈትቶ አመጣ፤ እንጨቱን አብረው ጠረቡ። ሞተሮቹን የሚያዘውን ኮድ ግን የጻፈችው ፈርዶሳ ናት። ስንትና ስንት መቁረጫ ከተሰበረ በኋላ የፍጥነቱንና የጥልቀቱን ልክ ያገኘችውም እሷ ናት። ዛሬ የውድድር ዳኛ ፊት የሚቆርጡት ለተሰበረ የእህል ማጨጃ ኮምባይነር መያዣ ምትክ ነው። ከተሳካ አንድ ተማሪ ለክልሉ ውድድር አዳማ ይሄዳል። አንድ ብቻ።

ቀና ስትል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየች። «የፈጠራው ባለቤት፦ ሳሚ ሸዋዓለም። ረዳት፦ ፈርዶሳ አሊዪ።»

ጆሮዋ ጋለ።

«ረዳት? በር ላይ ተንጠልጥዬ ‹ጎባ፣ ጎባ፣ ሁለት ሰው› ልበላ?»

ሳሚ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። «እኔ አይደለሁም የጻፍኩት። ቲቸር ናቸው። ‹ሴት ልጅን አዳማ ድረስ አባቷ አይለቃትም› ብለው።»

«አባዬን ጠየቁት?»

«እኔ እንጃ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

ሳሚ ጫማውን አየ።

«አቦ፣ ተወው» አለች። «ወላሂ፣ ከሳቸው ይልቅ ያናደድከኝ አንተ ነህ።»

በሩ ተከፈተና ቲቸር ከማለዲን ዳኛዋን ወይዘሮ ማናልበሽን አስቀድመው ገቡ። እጃቸውን ሳሚ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ።

«ባለቤቱ ይሄ ነው። እሷ ታጸዳለታለች፣ መፍቻ ታቀብለዋለች። ጎበዝ ልጅ ናት።»

ፈርዶሳ የላምባውን ብሩሽ አስቀመጠች።

ዳኛዋ ወደ ማሽኑ ጎንበስ አሉ። «ለምንድን ነው በአንዴ የማይቆርጠው? በስሱ በስሱ ነው የሚልጠው።»

ሳሚ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው... ሞተሩ እንዳይደክም።»

«በአንድ ዙር ስንት ሚሊ ሜትር ይወርዳል?»

ሳሚ ወደ ፈርዶሳ ዞረ። በሒሳብ ፈተና ቀን የሚያያት እንዲህ ነው፤ በከንፈሯ አንዲት ቁጥር ብታሳየው ይበቃዋል። ቁጥሯ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ብትነግረው አዳማ ይሄዳል። ዝም ብትል ደግሞ ማሽኑም፣ ሰባት ወሩም እዚሁ ሊቀር ይችላል።

ዓይኗን ከሱ ላይ አንስታ መቁረጫውን ማየት ጀመረች።

«ንገራቸው እንጂ» አሉ ቲቸር።

ማሽኑ ብቻውን ይጉረመረማል። ሳሚ ከተቀመጠበት ተነሳ። ወንበሩን ወደ ፈርዶሳ ገፋ አደረገላትና በመምህሩና በዳኛዋ መሀል ሾልኮ ወደ በሩ ሄደ።

«አንተ፣ ወዴት ነው?»

ሳሚ ዞሮ አላየም። ወጣ።