መልስ የሰጠው ድምፅ

ዕድሜ ልካቸውን «ቀስ በሉ! በር አታንኳኩ! አታስነጥሱ!» እያሉ ሰው ሲቆጡ የኖሩት የስቱዲዮው ባለቤት፣ እሳቸው ሲሄዱ ግቢውን በሙሉ አንቀጥቅጠው ነው የሄዱት። ሬሳቸው ከውስጠኛው ደረጃ ሥር ተገኘ፤ አንዱ ጫማቸው እግራቸው ላይ፣ ሌላው ደረጃው ላይ። ሰው ሁሉ «ጋሼ» ነበር የሚላቸው።

የስቱዲዮውን የማታ የልጆች ተረት በሬዲዮ የምታነበው ተራኪዋ መርዶውን የሰማችው፣ ይቅርታ፣ ያነበበችው ጠዋት ነው። «ጋሼ አርፈዋል። ፖሊስ ሁላችንንም ይፈልጋል፤ ቶሎ ነይ» ይላል የስልኳ መልእክት። የላከው መቀስ ነው። መቀስ የስቱዲዮው ድምፅ ቀራጭ ሲሆን ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው፤ የአንባቢን ሳልና መንተባተብ እየቆረጠ ሲጥል ይውላል።

ልትጮህ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ከተበሳ ጎማ የሚወጣ ዓይነት አየር ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተራኪዋ የጉሮሮ ጡንቻዎች ያለ ፈቃዷ እየተኮማተሩ ንግግሯን እንደ ኮረኮንች መንገድ ያንገጫግጩታል። ለዚህ የሚሰጣት ሕክምና መርፌ ነው። መርፌው ጡንቻውን ያደክመዋል፤ መጀመሪያ ድምፁን ጠራርጎ ይወስድና ቆይቶ ለስለስ አድርጎ ይመልሰዋል። እስኪመለስ ድረስ ማንሾካሾክ እንኳ ክልክል ነው። ውሃ ስትጠጣም አገጯን ወደ ደረቷ ሰበር አድርጋ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ነው፤ አለበለዚያ ትን ይላታል። ስለዚህ በብብቷ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ፣ በኪሷ ጠመኔ ይዛ ትዞራለች። አንገቷ ላይ ደግሞ የጣት ጫፍ የምታህል ደወል አለች።

ደወሏን የሰጠቻት የአክስቷ ልጅ ናት። አንድ ቤት ያደጉ፣ በአንድ ብርድ ልብስ እየተጓተቱ የተኙ ናቸው። የመጀመሪያው መርፌ ቀን አንገቷ ላይ እያሰረችላት፣ «ስትፈልጊኝ ደውዪ፤ ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ቢል እመጣለሁ» ብላት ነበር። ተራኪዋ ዝም በምትልበት ሰሞን ሁሉ የማታውን የልጆች ተረት ተተክታ የምታነበውም እሷው ናት። በዚህ ሰሞን ታዲያ ደወሏን በስልክ ብታሰማትም የመጣ ሰው የለም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው እህቴ» የሚል መልእክት ብቻ ይመጣል። ተራኪዋም አልተቀየመችም፤ ወንበሯን ጠብቃ ያቆየችላትን ሰው እንዴት ትቀየማለች?

ስቱዲዮው ስትደርስ የጋሼ ልጅ በሩ ላይ ጠበቃት። አባቱ ቤቱን አልሸጥም ስላሉት ከተኳረፉ ሰንብተዋል፤ ዛሬ ግን ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ነው።

«ደ-ፍ-ረ-ሽ መ-ጣ-ሽ? ት-ሰ-ሚ-ኛ-ለ-ሽ?»

ዲዳ የመሰለውን ሰው ሁሉ ደንቆሮ አድርጎ መጮህ የሰው ልጅ አመል ነው። ተራኪዋ ሰሌዳዋን አወጣች። «የሄደው ድምፄ እንጂ ጆሮዬ አይደለም» ብላ ጻፈችለት።

ከኋላው አንድ ሰው ሳቀ። አጭር፣ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ባርኔጣው ለሌላ ሰው ራስ የተሰፋ የሚመስል ሰው ነው። መርማሪው እሱ ነበር።

«ደህና መለሰችልህ» አለው ለልጁ። ወደ እሷ ዞረና፣ «ግቢ እህቴ። አላሳስትሽም፤ ነገሩ አንቺ ላይ ከብዷል። ትናንት ሲመሻሽ ከጋሼ ጋር እዚህ የነበርሽው አንቺ ነሽ ተብሏል» አላት።

«ቤቴ ነበርኩ» ብላ ጻፈች።

«ማን አየሽ?»

ድምፅ የሌለው ሰው ሲጠሩት አይመልስ፣ በር ሲያንኳኩ «ማነው?» አይል። ጎረቤት ትኑር ትሂድ በምን ያውቃል? «ማንም» ብላ ጻፈች።

ዘበኛው ተጠራ። ገና አዲስ ነው፤ ካፖርቱ እንኳ ገላውን አልለመደም።

«ግቢ ውስጥ ሳለሁ ጓ! የሚል ነገር ሰማሁ» አለ። «‹ማነው? ምን ወደቀ?› ብዬ ተጣራሁ። ‹ምንም አይደል ወንድሜ፣ እኔ ነኝ፣ ተራኪዋ! ወንበር ነው የወደቀው። እየቀረጽን ነውና አትግባ› አለችኝ። እኔም ተውኩት። በኋላ መብራት ላጠፋ ስገባ ጋሼን ደረጃው ሥር አገኘኋቸው።»

«ሌላ ሰው ቢሆንስ?» አለው መርማሪው።

«ኧረ እንዴት ተደርጎ ጌታዬ! ጋሼ ሲቀጥሩኝ ማደሪያዬ ውስጥ ሬዲዮ አስገቡልኝ። ከዚያ ወዲህ ተረቷ አንድ ማታ አምልጦኝ አያውቅም። ይሄ እንደ ውሃ የሚፈስ ድምፅ ይጠፋኛል?»

«የድምፁ ባለቤት ይችውልህ።»

ዘበኛው ተራኪዋን አገላብጦ አያት። «እሷ ናት እንዴ? እኔ እንኳ ወፈር ያለች መስላኝ ነበር።»

የአክስቷ ልጅ ስትገባ ተራኪዋ አንገቷ ላይ ለመጠምጠም ብድግ አለች። ልጅቷ ግን ደጃፉ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ዓይኗ የተተከለው ሰሌዳው ላይ ነበር፤ እባብ ያየች ነው የመሰለችው።

«እስካሁን... ትጽፊያለሽ?» አለች።

ተራኪዋ ልጅቷን ሐዘን ያፈዘዛት መሰላት። አሳዘነቻት። መርማሪው ወንበር ስቦ ልጅቷን አስቀመጣት።

«ድምፅዋ ሄዷል ነው የምትለው። ምን ትያለሽ?»

ልጅቷ መሐረቧን አወጣች። «ምን ልበል? ትናንት ከሰዓት ደውላልኝ አውርተናል። ድምፅዋ ተመልሷል። ሁልጊዜም በዚህ ጊዜ ይመለስላታል።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ጋሼ ወንበሩን ለእኔ ሊሰጡኝ ነው ብዬ ስነግራት ተናደደች። ግን ማሩልኝ፤ ሳታስበው ይሆናል። እህቴ እኮ ናት!»

ጠመኔው በተራኪዋ እጅ ውስጥ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

አንዳንድ ውሸት ጆሮ ይሰማዋል፣ ልብ ግን ወዲያው አይቀበለውም። ምናልባት ተሳስታ፣ ምናልባት አስፈራርተዋት፣ ምናልባት ሌላ ሰው ደውሎላት... ልቧ ለልጅቷ ምክንያት ሲለቅምላት፣ እጇ በስባሪው ጠመኔ «ውሸት!» ብሎ ጻፈ።

«መጻፍማ ማን ያቅተዋል!» አለ የጋሼ ልጅ። «እኔም ሊቀ ጳጳስ ነኝ ብዬ መጻፍ እችላለሁ።»

መርማሪው ውሃ ቀዳላት። አገጯን መስበሩን ረስታ ግጥም አደረገችው። ትን አላት። ሳለች፤ ዓይኗ እስኪቀላ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳለች። መርማሪው ጀርባዋን ለመምታት ያነሳው እጅ አየር ላይ ቆመ። ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ዘፈን እንደሚያጣጥም ሰው ሳሏን አዳመጠ። ከዚያ «አይዞሽ» አላትና ስልኩን ይዞ ወጣ።

ቀጥሎ መቀስን ወስዶ ቀረጻ ክፍሉ ውስጥ አብሮት ተዘጋ። ተራኪዋ በመስተዋቱ ታያቸው ነበር። ክፍሉ ድምፅ አያሳልፍም፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ምንም የለም። ለአፍታ ሁለቱም እንደ እሷ ሆኑ። መቀስ አንገቱን አከከ፣ ጣሪያውን አየ፣ እንደ ሌባ አቀረቀረና አንድ ነገር ተናገረ። የመርማሪው ባርኔጣ ከግንባሩ ወደ ኋላ ሸሸ።

ሲወጣ «ሁላችሁም ግቡ» አለ።

ቀረጻ ክፍሉ ለአንድ አንባቢና ለአንድ ማይክሮፎን የተሠራ ነውና እንደ ታክሲ ተጠጋጉ። ማይክሮፎኑ ፊት ያለው ወንበር ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም። መርማሪው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ከሳሉ ልጀምር» አለ። «ሰው ድምፅ የለኝም ብሎ መዋሸት ይችላል። ሳልን ግን ማን ያዝዘዋል? ትን ያለው ሰው ሲስል እህ! እህ! ብሎ ይጮኻል፤ ጉሮሮው ስለሚገጥም ነው። የእሷ ሳል ፍ... ፍ... ብቻ ነበር። በር የሌለው ቤት በር ሊያጋጭ አይችልም። ሐኪሟ ዘንድ ደወልኩ። ‹የበፊቶቹን መርፌዎች በአንድ በኩል ነበር የወጋኋት። ይሄኛውን በሁለቱም በኩል ስለሆነ ዝምታው ይረዝማል› አለኝ። ስለዚህ ትናንት ማንንም ልታናግር አትችልም፤ በአካልም፣ በስልክም።»

ሁሉም ወደ አክስቷ ልጅ ዞሩ። «እንግዲያ... ሌላ ቀን ይሆናል የደወለችልኝ» አለች።

«ቆይ፣ እደርስብሻለሁ። ድምፁ የሷ ካልሆነ የማን ነው? መጀመሪያ የጠረጠርኩት መቀስን ነበር፤ የሷን ቅጂ በሙሉ የያዘው እሱ ነው። ምን ነበር ያልከኝ?»

«ቃል ከቃል ቀጥዬ ዓረፍተ ነገር እሠራለሁ» አለ መቀስ። «ሰው ድንገት ለጠየቀው መልስ የሚሰጥ ቅጂ ግን ገና አልሠራሁም።»

«ዘበኛው ‹ምን ወደቀ?› አለ፤ ድምፁም ‹ወንበር› ብሎ መለሰ። እንግዲህ የሕያው ሰው አፍ ነው። አሁን አጫውትልን።»

መቀስ ቁልፉን ነካ። ክፍሉን አንድ ለስላሳ ድምፅ ሞላው፤ ስለ አንዲት ብልጥ ጥንቸል ያወራል፣ ኩልል ይላል።

«እሷ ናት!» አለ ዘበኛው ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ። «ትናንት ያናገረችኝ እሷ ራሷ ናት!»

«መቀስ፣ ይሄ መቼ ነው የተነበበው?»

«በዚህ ሳምንት።» መቀስ ወለሉን አየ። «ያነበበችውም እሷ ናት፣ የአክስቷ ልጅ። አድማጭ እንዳይሸሽ በተራኪዋ ድምፅ አስመስላ ነው የምታነበው። የቤታችን ምስጢር ነው። የተራኪዋ የራሷ ድምፅ እንዲህ ወጥ ሆኖ አያውቅም፤ የሚሰባበርበትን እኔ እየቆረጥኩ ነው አየር ላይ የሚውለው።»

«ዘበኛው አልዋሸም» አለ መርማሪው። «የተቀጠረው ተራኪዋ ዝም ካለች በኋላ ነው። የሷን ድምፅ አንድ ቀን ሰምቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቃት ተራኪ አንቺ ነሽ።» ወደ ልጅቷ ተጠጋ። «ዘበኛው በፊት በር ሲወጣ ያየው ሰው የለም፤ የኋላው በር ቁልፍ ያላችሁ ደግሞ ሁለታችሁ አንባቢዎች ብቻ ናችሁ። አንዷ አፍ የላትም። ‹ደውላልኝ› ያልሽው ያ ድምፅ ባለቤት እንዲኖረው ስለፈለግሽ ነው። በየመርፌው አብረሻት ስለምትሄጂ መቼ እንደሚመለስ በልብሽ ይዘሻል። በመጨረሻው መርፌ ቀን ግን አልሄድሽም፤ ዝምታው እንደሚረዝም አልሰማሽም። የት ነበርሽ?»

ልጅቷ ቀስ ብላ ጣቷን ወደ ባዶው ወንበር ቀሰረች።

«እዚያ» አለች። «የት ልሆን ኖሯል? በሷ ቦታ፣ በሷ ድምፅ!» መሐረቡ ከእጇ ወደቀ። «ስንት ልጅ በእኔ አፍ እንቅልፍ ወሰደው? ስሜን የጠየቀ አለ? ትናንት ወንበሩን እንዲሰጡኝ ጋሼን ለመንኳቸው። ‹ወንበሩን አሙቀሽ አቆየሽላት፤ እግዜር ይስጥሽ። አሁን ወደ ስልክ መቀበል ሥራሽ ተመለሺ› አሉኝ። እንደ ድመት! ደረጃው አፍ ላይ ነበሩ። ገፋ አደረግኳቸው እንጂ ልገድላቸው አላሰብኩም።»

«እሱን አምንሻለሁ» አለ መርማሪው። «ዘበኛው ሲጣራ ግን አስበሻል። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ‹ከወደቁ በኋላ በሕይወት ቆይተዋል፣ ቶሎ ቢደረስላቸው ይተርፉ ነበር› ብሏል። ‹አትግባ› ስትዪው ጋሼ እግርሽ ሥር ይተነፍሱ ነበር።»

የጋሼ ልጅ፣ ያ ሁሉ ጩኸቱ የት እንደገባ እንጃ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ተራኪዋ ጥንቸሏን ታስብ ነበር። ሕፃናት መብራት ሲጠፋ እንዳይፈሩ ያን ድምፅ ዓመታት ከራሷ ጉሮሮ ጋር እየታገለች፣ ቃል በቃል ሠርታዋለች። በዚያው ድምፅ ለሞት የደረሰ ሽማግሌ ዘንድ የሚመጣውን ሰው የአክስቷ ልጅ «ምንም አይደል ወንድሜ» ብላ መለሰችበት። ወንበሯን ብትወስድ፣ ስሟን ብትወስድ... ይሄን ግን ከማን ተምራ ነው? ከእሷ። «ሰው የሚያረጋጋው እንዲህ ነው» ብላ አጠገቧ አስቀምጣ ያስተማረቻት ራሷ ናት።

ፖሊሶቹ ልጅቷን ክንዷን ያዟት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«በይ ተናገሪ! ርገሚኝ! እንዲህ ዝም ብለሽ አትዪኝ!» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ፤ ምንም ማስመሰል የሌለበት፣ ተራኪዋ ከልጅነቷ ወዲህ ያልሰማችው የገዛ ድምፅዋ ነበር። «ምን ላድርግ እህቴ?»

ተራኪዋ ከአንገቷ ክሩን አወለቀች። ደወሏን በልጅቷ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከተተችና ሰሌዳዋ ላይ ጻፈች። ልጅቷ ሁለቴ አነበበችው።

«ሲጨንቅሽ ደውዪ። እሰማለሁ። መልስ ግን የለኝም።»

ወሰዷት። ጋሼ በወደቁበት ደረጃ ስትወርድ፣ በየእርከኑ ኪሷ ውስጥ ያለችው ደወል ቅጭል፣ ቅጭል ትል ነበር። ከታች ዘበኛው ልማድ ሆኖበት «ማነው?» ብሎ ተጣራ።

የመለሰለት የለም። የተራኪዋ እጅ ወደ አንገቷ ሄደ፤ ባዶውን ቦታ ዳሰሰና እዚያው ቀረ።